ዝናቡ ሳይመጣ ስለ ቤት እንነጋገር

(በመስጊዱ ግቢ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር፤ ለመታሰቢያው መጽሔት እንዲመች በመጠኑ የታረመ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይውረድ።



የመስጊዱ ኮሚቴ ስለ መኖሪያ ቤት ጉዳይ ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ «እኔ አናጢ እንጂ ዓሊም አይደለሁም፤ መድረኩ ለሌላ ይሁን» ብዬ ነበር። ሰብሳቢያችን ግን «ስለ ቤት ከአናጢ ይበልጥ የሚያውቅ ማን አለ?» ብለው አፌን አስያዙኝ። ስለዚህ በሃይማኖት ነገር ብሳሳት ዑለማዎቻችን ያርሙኝ፤ በእንጨትና በጭቃ ነገር ግን በድፍረት እናገራለሁ።

ንግግሬን በአራት ከፍዬዋለሁ። በመጀመሪያ አንድ የራሴን ጥፋት እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ ቤት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከዚያም ደኅና ቤት የሚባለው የትኛው እንደሆነ፣ በመጨረሻም ሌሎች ምን እንደሠሩና እኛ ምን መሥራት እንደምንችል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ አይቶ ስለ ማለፍ

ነገሩ ከሁለት ክረምት በፊት ነው። ከመስጊዳችን ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ባሏ የሞተባት፣ እንጀራ እየጋገረች ሦስት ልጆች የምታሳድግ እህት አለችን። ስሟን አልጠራም፤ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ቤቷ ባሏ በሕይወት ሳለ የሠራው ባለ ሠላሳ ቆርቆሮ ቤት ነው። እኔ በዚያ ደጃፍ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አልፋለሁ። የጓሮው ግድግዳ ወደ ውጭ ሆዱን መንፋቱን አይቻለሁ። አናጢ ስለሆንኩ ትርጉሙን አውቃለሁ፤ የቋሚው እግር በስብሷል፣ ግድግዳው የቆመው በልማድ ብቻ ነው። አይቼ አለፍኩ።

በዚያው ወራት እኔ ምን እሠራ ነበር? የመስጊዳችንን ኮርኒስ እመታ ነበር። ጀመዓው ከኪሱ አዋጥቶ ያሠራው ሥራ ነው። እኔም ከእጅ ዋጋዬ ግማሹን ለአላህ ብዬ ትቼ ስለነበር ማታ ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

በነሐሴ አንድ ሌሊት ዝናቡ ከበረዶ ጋር ወረደና ያ ግድግዳ ወደቀ። ልጆቹ ዘወትር የሚተኙት በዚያ ግድግዳ ሥር ነበር። በዚያ ሌሊት ግን ትንሿ ልጅ ስላሳላት እናትየው ሦስቱንም ወደ ምድጃው አስጠግታ አስተኝታቸው ነበር። አልሐምዱ ሊላህ፣ የሞተ የለም። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ፍርስራሹ ላይ ስቆም እህታችን አንድ ነገር ብቻ ተናገረችኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አናጢ ነዎት። ቢነግሩኝ ኖሮ ልጆቹን አስቀድሜ ከዚያ አነሣቸው ነበር» አለችኝ።

ገንዘብ አልጠየቀችኝም። ቆርቆሮም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ቃል ነበር፤ እርሱንም ነፍጌያት ነበር። ያን ቀን የሰጠኋት መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ይህን ንግግር ለማድረግ የተስማማሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ወጣቶቻችን ጭቃ ረገጡ። ሴቶቹ ውሃና ጭድ አመላለሱ። ክርስቲያን ጎረቤቶቿ ከጓሯቸው ባሕር ዛፍ ቆርጠው ሰጡ፤ ከእነርሱም አንደኛው ማገር ሲመታ ውሎ ምሳውን እንኳ ከቤቱ ነበር ያስመጣው። ቤቱ በአሥራ አንድ ቀን ቆመ። ሁላችንም ደስ አለን። እኔ ግን በልቤ የማውቀው ሒሳብ ነበረኝ። ግድግዳው ሳይወድቅ በፊት ቢሆን ኖሮ ሁለት ቋሚና የአንድ ቀን ሥራ ይበቃው ነበር።

ሁለተኛ፦ ቤት ለእኛ ምን ማለት ነው

አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሸማኔ ነበሩ። እኔ በልጅነቴ የሰው ጓሮ ጥገኞች ነበርን። ባለቦታው «ልቀቁ» ሲል አባቴ የሽመናውን ዕቃ ተሸክመው፣ እናቴ ሙቀጫዋንና ምጣዷን ይዛ ወደ ሌላ ሰው ጓሮ እንሄድ ነበር። እንዲህ ሆነን ሦስት ጊዜ ለቀናል።

ይህ የአባቴ ዕድል ብቻ አልነበረም። በሰሜኑ ደጋ አገር በአብዛኛው ሙስሊሙ ርስት አልነበረውም። አያቶቻችን በሽመና፣ በቆዳ ሥራና በንግድ የኖሩት ሌላ ሥራ ጠልተው አይደለም። መሬት የሌለው ሰው የሚይዘው ተሸክሞት ሊሄድ የሚችለውን ሙያ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ወገኖቻቸው ጋር ሆነው ባደረጉት ታላቅ ሰልፍ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት መብት ነበር።

በተከታዩ ዓመት ሁለት ዐዋጆች ወጡ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት የሚመለከተው ዐዋጅ ቁጥር 31፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ቁጥር 47። ይህ ሁለተኛው ዐዋጅ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለቤት መሥሪያም እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ፈቀደ። ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ኪራያቸው አነስተኛ የሆነውን ቤቶች ለቀበሌ ሰጠ፤ ኪራይንም ቀነሰ። ብዙ ሰው ያለቀሰበት ዐዋጅ ነው። ላቡን አንጠፍጥፎ የሠራውን ቤት የተወረሰ ሙስሊም ነጋዴም ነበር፤ የእርሱን ሐዘን አልክድም። አባቴ ግን በሃምሳ ዓመታቸው የመጀመሪያውን ቋሚ «የእኔ» በሚሉት ቦታ ላይ ተከሉ። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ቋሚው ከቆመ በኋላ አባቴ እጃቸውን ጭነውበት ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ችግር መጣ። የቀበሌ ቤት ኪራዩ ርካሽ ነው፤ ርካሽ ስለሆነም ቀበሌው የሚያድስበት ገንዘብ የለውም። ተከራዩም «የእኔ አይደለም» ብሎ አያድሰውም። በዚህ መካከል ቤቱ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲያዘነብል ኖረ። በየከተማው የምናየው አሮጌ የቀበሌ ቤት ታሪኩ ይኸው ነው። አዲስ ቦታ ልግዛ ለሚለውም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ ዐዋጅ ቁጥር 721 ዋናውን መንገድ ጨረታ አደረገው። እንጀራ ጋጋሪ ደግሞ ከባለ ሱቅ ጋር አትጫረትም። ዐዋጁ በምደባ የሚሰጥ ቦታ እንዳለም ስላስቀመጠ፣ በክልላችን ከተሞች በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ቦታ ያገኙ ሰዎችን አይተናል። ብቻውን የቆመ ሰው በዚያ በር አይገባም።

ወደ ሃይማኖታችን ስንመለስ፣ አላህ በሱረቱ ነሕል ቤትን ማረፊያ አድርጎ መስጠቱን ከጸጋዎቹ ጋር ቆጥሮታል። በእርግጥም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሃይማኖታቸው ሲሉ የተሰደዱት ሶሓባዎች በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ በሰላም ያደሩት በዚሁ በሐበሻ ምድር፣ በነጃሺ ጥላ ሥር ነው። በኋላም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ አንሷሮች ለሙሃጅሮች ቤታቸውን ከፈቱ።

በዚያ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ለአናጢው የሚሆኑኝ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የአቡ አዩብ አል አንሷሪ ቤት ነው። ነቢያችን በምድር ቤቱ፣ አቡ አዩብና ባለቤታቸው በፎቁ ሲያድሩ፣ አንድ ሌሊት የውሃ እንስራ ተሰበረባቸው። ውሃው ወደ ታች እንዳይንጠባጠብ ባልና ሚስቱ ያላቸውን አንዲት የብርድ ልብስ አውጥተው አደረቁበት። እነርሱ ያለ ልብስ አደሩ። ከላይ ያለ ሰው በታች ላለው ሰው እንዴት መጨነቅ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

ሁለተኛው የመዲናው መስጊድ ራሱ ነው። ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ ነበር፤ ሲዘንብ ያፈስ ነበር። ነቢያችን በአንድ የረመዳን ሌሊት ሱጁድ ሲወርዱ ግንባራቸው ጭቃ እንደነካ ተዘግቧል። ታዲያ በዚያው መስጊድ በአንድ በኩል ጥላ ተሠርቶለት ቤት የሌላቸው ሶሓባዎች ይኖሩበት ነበር፤ አህሉ ሱፋ ይባሉ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ። መስጊዱ እያፈሰ ሳለ ቤት የሌለው ሰው ማደሪያ አላጣም።

ሦስተኛ፦ ደኅና ቤት የትኛው ነው

በአገራችን ቤት በክፍል ብዛት አይጠራም፤ በቆርቆሮ ብዛት ነው። «ባለ ሃምሳ ቆርቆሮ ሠራ» ስንል ሰውየው ተመንጥቋል ማለታችን ነው። እኔ ግን በአርባ ዓመት ሥራዬ ያየሁት ሌላ ነው። ቤት የሚሞተው ከራሱ ሳይሆን ከእግሩ ነው።

የባሕር ዛፍ ቋሚ አፈር ውስጥ ሲተከል የሚበሰብሰው ጫፉ ላይ አይደለም። አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት፣ ሲርስና ሲደርቅ በሚከርመው በዚያ ቦታ ነው። ምስጥም የሚገባው በዚያው ነው። ስለዚህ ቋሚው ልጡ ይላጥ፣ በጥላ ይድረቅ፣ የሚቀበረው ክፍል በእሳት ይለብለብ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ መሠረት ሠርቶ ቋሚውን ከአፈር ማራቅ ነው። የቆመ ቤትም ቢሆን ተስፋ አይቆረጥበትም። ጣሪያው በድጋፍ ተይዞ የበሰበሰው እግር ይቆረጣል፤ በሥሩ ድንጋይ ይገባለታል። የአንድ ቀን ሥራ ያልኳችሁ ይህን ነው።

አፈሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። ጥቁሩ መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ የተሠራ ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ይነቀነቃል። በመረሬ ላይ የሚሠራ ሰው መሠረቱን ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ይቆፍር፤ በቤቱ ዙሪያም ውሃውን የሚያርቅ ቦይ ያውጣ። ብዙ ጊዜ ቤት የሚያስፈልገው ብር ሳይሆን አንድ ዶማና የግማሽ ቀን ጉልበት ነው።

ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀናት ይሰንብት፤ ሳይሰነብት የተመረገ ጭቃ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብበት። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይውጣ፤ አሸንዳ ቢኖረው ደግሞ የተሻለ ነው፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ሲረጭ የሚበላው የግድግዳውን እግር ነውና። የቆርቆሮው ምስማር ከነጎማው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ በሸለቆው አይመታ። የጮቄን ነፋስ የምታውቁ ሁሉ ወራጁ ከግድግዳው ጋር በሽቦ መታሰር ያለበት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከዚህ በተጨማሪ ሰው የማያስባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጢስ ነው። ሕፃናትን ለሳንባ ምች ከሚዳርጉት ነገሮች አንዱ በቤት ውስጥ የሚታፈን የምድጃ ጢስ ነው። ማድ ቤቱ ቢለይ፣ ካልተቻለም ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቀዳዳዎች ቢከፈቱለት እናቲቱም ልጁም ይተነፍሳሉ። ሁለተኛው ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ የሚጎተት መብራት ነው፤ በአንድ ሽቦ ምጣድም አምፖልም ሲጫንበት የሚነሣው እሳት ሰፈር ይጨርሳል። ሦስተኛው መጸዳጃ ነው። መጸዳጃ የሌለው ቤት ባለ መቶ ቆርቆሮ ቢሆንም ቤት አልተባለም።

አራተኛ፦ ሌሎች ምን ሠሩ፣ እኛስ?

በዓለም ላይ ይህን ችግር ለማቃለል ለትርፍ ሳይሆን ለሰው ብለው የተነሡ አሉ። ሐቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የሚባለውን ድርጅት ሚላርድ ፉለር የተባሉ ሰው ከባለቤታቸው ጋር በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት መሠረቱት። በኢትዮጵያም ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠርቷል። መሥራቾቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሐሳባቸው ግን ለእኛም የሚገባ ነው። ቤቱ ያለ ትርፍ ይሠራል፤ ባለቤቱ በጉልበቱ ይሳተፋል፤ ዋጋውን ቀስ በቀስ ይከፍላል፤ የከፈለውም ገንዘብ ለሚቀጥለው ሰው ቤት ይሆናል። ሰውየው ተመጽዋች ሳይባል ቤት ያገኛል።

በባንግላዴሽ ግራሚን ባንክ በ1984 እ.ኤ.አ. ለድሆች የቤት ብድር ጀመረ። ወለድ ስላለበት ብድሩን ለእኛ አርአያ አላደርገውም። ሆኖም ከእርሱ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የቤቱ አሠራር ቀላል ነበር፤ አራት የኮንክሪት ምሰሶ፣ ቆርቆሮና የመጸዳጃ ንጣፍ ተሰጥቶ ቀሪውን ቤተሰቡ በአካባቢው ዕቃ ይሠራዋል። ጎርፍ ሲመጣ ግድግዳው ቢሄድም ምሰሶውና ጣሪያው ይተርፋል። ሁለተኛ፣ ቦታው በተበዳሪዋ በሴቲቱ ስም እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ይህ ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል።

በአገራችንም በወለድ ምክንያት ከባንክ ርቆ ለኖረው ሙስሊም በር ተከፍቷል። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጥበትን መመሪያ አወጣ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም.፣ ሒጅራ ባንክም በ2014 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በሙራበሓ አሠራር ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ አስታውቆ በዱቤ ይሸጣል። ይህ ለነጋዴውና ለደመወዝተኛው ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ መያዣ የሌላት እንጀራ ጋጋሪ ባንክ በር ላይ አትደርስም። ባንክ የማይደርስባት ቦታ ላይ ጀመዓው መድረስ አለበት።

ጀመዓ ሲነሣ ምን ማድረግ እንደሚችል ደግሞ በቅርባችን አይተናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶች ሲቃጠሉና የሙስሊሞች ሱቆች ሲዘረፉ የተሰማንን ሐዘን እዚህ አልደግመውም። ከዚያ በኋላ ግን ከአገር ውስጥም ከውጭም እርዳታ ጎረፈ፤ ድርጊቱን ያወገዙ ክርስቲያን ወገኖችም ብዙ ነበሩ። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ለተቃጠለው የተዘረጋው ያ ሁሉ እጅ ለሚያዘነብለው ግድግዳ ለምን አይዘረጋም? በአንድ ሌሊት የደረሰ ጥፋት ያስለቅሰናል፤ በአሥር ዓመት ቀስ ብሎ የሚወድቅ ቤት ግን አያስለቅሰንም።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1. የቤት ፍተሻ። በየዓመቱ በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ከመካከላችን ሦስት አናጢዎችና ግንበኞች እየዞሩ በነፃ ቤት ይመልከቱ። የቋሚውን እግር፣ ጣሪያውን፣ ቦዩን፣ ሽቦውን አይተው ለባለቤቱ እውነቱን ይንገሩት። ይህ ምንም ብር አይጠይቅም። እኔ የነፈግሁት ቃል ይኸው ነው።

2. የቤት ሣጥን። ስድሳ አባወራ በወር ሃምሳ ሃምሳ ብር ቢያወጣ በወር 3,000፣ በዓመት 36,000 ብር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ አዲስ ቤት አይሠራም፤ ነገር ግን ብዙ እግር ይታደሳል። አቅም ለሌለው በስጦታ፣ መክፈል ለሚችል በቀርድ ሐሰን፣ ማለትም ያለ ወለድ ብድር ይሰጥ። የተመለሰው ለሚቀጥለው ይሁን። ዘካ ለዚህ ጉዳይ በምን መልኩ እንደሚውል ዑለማዎቻችን ይንገሩን። አዲስ ቤት ለሚፈልጉ ደግሞ እቁብ አለን። ሃያ ሰው አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥል በየዙሩ 20,000 ብር ያለ ወለድ ይወጣል፤ የቆርቆሮ እቁብ ማቋቋም እንችላለን።

3. የደቦ ቀን። በወር አንድ ቀን ወጣቶቻችን ለአንድ ቤት ይዋሉ። በመኸር ተባብረን እንደምናጭደው ሁሉ በግንቦትም ተባብረን ጭቃ እንርገጥ።

4. የወረቀት ነገር። የቤት ደኅንነት በግድግዳ ብቻ አይደለም። በክልላችን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው የገጠር መሬት የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል፤ የከተማው ካርታም እንዲሁ ይሁን። ባል ሲሞት ሚስት ልጅ ካላት አንድ ስምንተኛ፣ ልጅ ከሌላት አንድ አራተኛ እንደምትወርስ ቁርኣን ደንግጎላታል። ይህም ከባሏ ድርሻ ነው፤ የራሷ ድርሻ የራሷ ነው። መብቷን ሳታውቅ በወንድሞቹ ከቤት የወጣች ሴት ካለች ኃጢአቱ ዝም ባልነው ላይ ጭምር ነው። ማንበብ የሚችሉ ልጆቻችን እናቶችን እስከ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ይሸኙ።

5. ወቅፍ። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት ምን ላድርገው ብለው ነቢያችንን ሲጠይቁ፣ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ ተደርጎ ፍሬው ለችግረኛ እንዲውል ተመከሩ። በ2012 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 1207 የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ስለዚህ አቅም ያለው ወንድም ሁለት ክፍል ቤት ወቅፍ ላድርግ ቢል ሕጋዊውን መንገድ ከምክር ቤቱ ጋር ተመካክሮ መያዝ ይችላል። ኪራዩ ለሣጥኑ፣ ወይም ራሱ ቤቱ ለአንዲት መጠጊያ ለሌላት እናት።

6. ሒሳብ። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ ሦስቱም በተለያየ ሰው እጅ ይሁኑ። ገቢና ወጪው በየወሩ በመስጊዱ በር ላይ ይለጠፍ። በአገራችን ብዙ ማኅበር የፈረሰው በድህነት ሳይሆን በሐሜት ነው፤ የሐሜት መድኃኒቱ የተለጠፈ ወረቀት ነው።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ አውቃለሁ። አንደኛው «ጊዜው ክፉ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ከተነሣው ግጭት ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ ዕቃ ሲወደድ ኖረናል። ይሁን እንጂ ድንጋዩ፣ ጭድ፣ ባሕር ዛፉና ጭቃው ከዚሁ ነው የሚገኘው። መኪና የማይጠይቀውን ሥራ መኪና እስኪመጣ አናቆየው።

ሁለተኛው «ለሙስሊሙ ብቻ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ያን ጊዜ ባሕር ዛፍ ቆርጦ የሰጠን ጎረቤት ክርስቲያን ነበር። ግድግዳው ሊወድቅ ሲል የማንን ልጅ እንደሚመታ አይመርጥም። ፍተሻው የጎረቤትን ሁሉ ቤት ይይ። ከሰፈሩ እድሮችም ጋር እንመካከር፤ እድር ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ከሚተክል፣ ሳይሞት በፊት ቋሚ ቢተክል ምን አለበት?

ሦስተኛው «መስጊዱ ገና ሳያልቅ?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ ለራሴ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። መስጊድ መሥራት ታላቅ ዒባዳ ነው፤ እጄም ከእርሱ እንዲነቀል አልፈልግም። ነገር ግን ኮርኒሱን ስመታ ከመሰላሉ ላይ ሆኜ በመስኮቱ የዚያችን እህት ጣሪያ አየው ነበር። ከከፍታ ላይ ሆኜ አየሁት እንጂ አልወረድኩም። የነቢያችን መስጊድ እያፈሰ ቤት የሌለውን አስጠለለ፤ የእኛ መስጊድ ኮርኒስ አምሮ ጎረቤቱ ግድግዳ ሊወድቅበት አይገባም። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው፦ ለጌጥ አንድ ብር ስናወጣ ለጎረቤት ጣሪያ ሁለት ብር እናስቀድም።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፤

ንግግር ብቻ አድርጌ እንዳልወርድ የበኩሌን ልበል። ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ ሁለት ቀን ያለ ዋጋ እሠራለሁ፤ መጋዜ፣ መዶሻዬና ደረጃዬ ለሣጥኑ ናቸው። ሁለት ልጆች ሙያውን ሊማሩ ከፈለጉም ይምጡ፤ አባቴ ያወረሱኝ ተሸክመውት የሚሄዱትን ሙያ ነው፣ እኔም ይህንኑ ላውርስ። ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ዞሬ ሦስት ቤቶች መዝግቤያለሁ። የአንዱ ቋሚ እስከ መጪው ሐምሌ አይቆይም። ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ፤ ልጆቹን ከዚያ ጥግ አንሥቷቸዋል። ስሙን ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ። ከዐሱር ሶላት በኋላ እዚሁ በር ላይ መዝገብ ተዘርግቶ እጠብቃችኋለሁ፤ ብር ያለው ብሩን፣ ጉልበት ያለው ቀኑን ያስመዝግብ።

አላህ ሆይ! ቤት የሌላቸውን ቤት ስጣቸው፤ ቤት ያላቸውን ከነልጆቻቸው ጠብቅልን። አይተን ያለፍነውን ይቅር በለን፤ ዳግም እንዳናልፍም ዓይንና ልብ ስጠን። አገራችንን ሰላም አድርግልን። የሞቱብንን እዘንላቸው፤ በመጨረሻው ቤታችንም መልካም ማረፊያ ስጠን። አሚን።